የገንዳው ዳር

ሰርካለም አባቷን የለካቻቸው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ፣ በረንዳው ላይ አስቀምጣ ነው። መጀመሪያ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎ ከመቀመጫቸው እስከ ትከሻቸው ለካች። በመጨረሻም የግራ እግራቸውን በእጃቸው ሳይደግፉ ከመሬት ምን ያህል ማንሳት እንደሚችሉ አየች። ይህኛውን ደጋግማ ብትለካውም ውጤቱ በየጊዜው ተለያየባት። እሷም ትንሹን ያዘች።

“ልጄ፣” አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ፣ “ሣጥን ልታሠሪልኝ ከሆነ ቁመቴን ብቻ ለኪ። እዚያ እግር አንሳ የሚል የለም።”

“ባኞ ነው አባባ። ቀጥ ይበሉ።”

“ገንዳ በይኝ እንጂ! ገንዳ ደግሞ በሬ ሲጠጣበት እንጂ ሰው ሲታጠብበት አላየሁም።”

“በሬው ዳሌውን ተሰብሮ ያውቃል?” አሉ ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከጓዳ። “ዝም ብለው ይለኩ!”

አቶ ወልደ ሥላሴ የወደቁት ኅዳር ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አመዳይ የያዘው ሣር አንሸራተታቸው። ደብረ ብርሃን ተወስደው ዳሌያቸው በብረት ተያያዘ። አጥንቱ ቢገጥምም እግራቸው እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ፣ ዳሌያቸው በሙቅ ውሃ ተሸፍኖ ቢቆይ ጅማቱ ይፍታታል ብሎ ነበር። ቆየት ባለው ቤታቸው ያለው ግን ቆመው የሚታጠቡበት ሻወር ነው። ውሃው አንዱን ትከሻቸውን ሲያሞቀው ሌላው ይበርደዋል፤ ገና ሳሙና ሳይነካቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ።

የሚያጥቧቸው ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ሰርካለም እዚያው ግቢ ትኖራለች፤ በከተማዋ ጤና ጣቢያም የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ቢሆንም ልጃቸው ናትና ራቁታቸውን ልታያቸው አይሆንም። ወንድሟ ደመላሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስልክ የራሱን መፍትሔ አቅርቧል።

“ለፋሲካ ስመጣ ይዣቸው እመለሳለሁ፤” አላት። “እዚህ የሚያጥባቸው ወንድ ሠራተኛ እቀጥራለሁ።”

“እማዬስ?”

“እሷ በጎቿን ጥላ ትመጣለች? ደግሞስ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃውን በምን ጉልበቷ?”

“ታዲያ ልትለያያቸው ነው?”

“ሰርኬ፣ እማዬ እሳቸውን እያነሳች እስከ መቼ ትችላለች? ሁለቱ ብቻቸውን የሚችሉትን ነገር እስከ ፋሲካ ካበጀሽ አፌን እዘጋለሁ። ካልሆነ ግን እሳቸው መኪናዬ ውስጥ ናቸው።”

ሰርካለም በማግስቱ ግንበኛውን ይታየውን ጠርታ ሻወሩን አስፈረሰችው።

*

ደብረ ብርሃን ወዳለው ሱቅ የሄደችው ከእናቷ ጋር ነው። ባለሱቋ የምሥራች የምትባል ሳቂታ ሴት ናት። ወይዘሮ ጥሩሸዋን “ማዘር” ብላ ወንበር ሰጠቻቸውና ገንዳዎቹን ማሳየት ጀመረች።

ደመላሽ በስልክ ፎቶውን የላከው፣ ከሥሩ ውሃ የሚረጨው ገንዳ እዚያው ነበር። ሰርካለም መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጠየቀች። “ያው ገንዳ ይሆናል፤” አለች የምሥራች፣ ሁለቱም ሳቁና አለፉት። ከዚያ የብረቱና የፋይበሩ ቀሩ። ሰርካለም ከጎን ካለው ሻይ ቤት ሁለት ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ አስመጣችና አንዱን በብረቱ፣ ሌላውን በፋይበሩ ገንዳ ውስጥ አፈሰሰች። ከቦርሳዋም ቴርሞሜትር አወጣች።

“እህቴ፣ ሰው ቀለሙን ነው የሚያየው፤” አለች የምሥራች።

“ቀለሙ ያሞቃል?”

“ኧረ አያሞቅም። ግን እንዳንቺ ውሃ አፍልቶ የመጣብኝ የለም።”

ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ በብረቱ ውስጥ ያለው ውሃ እጅ የማያሞቅ ሆኖ ነበር። የፋይበሩ ገና ይተናል። የብረቱም በዚህ ከምርጫው ወጣ።

ከፋይበሮቹ ሁለቱን ለየች። አንደኛው ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፤ ዳሩ ከአባቷ ጉልበት በጣም ያንሳል። ሁለተኛው አጭርና ጥልቅ ሆኖ ውስጡ እንደ ወንበር ያለ መቀመጫ ወጥቶለታል። ሰው እንደ ተቀመጠ ውሃው እስከ ደረቱ ይደርሳል። የምሥራች፣ “ለሽማግሌ ይኼ ነው፤” ብላ ይህንኑ አጥብቃ መከረች። ሰርካለም የዳሩን ከፍታ ለካችና ራሷን ነቀነቀች። አባቷ እግራቸውን ይህን ያህል ማንሳት አይችሉም።

ዝቅ ያለውን መረጠች። ከታች ለመነሳት ግድግዳው ላይ የብረት እጀታ ይደረግላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ባና የሚባለውን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሲሠሩ ኖረዋልና ክንዳቸው እስካሁን የሸማኔ ክንድ ነው።

“እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? እስኪ እንደምታጥቢያቸው ሁኚ።”

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከወንበራቸው ተነሱ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው የገንዳውን ዳር ነኩና ወዲያው ቀና አሉ። “ጥሩ ነው፣ ልስላሴው!” አሉ።

ሰርካለም ያልሞከረችውን ነገር አትገዛም። የምሥራች ገንዳውን ለጥቂት ቀናት እንድታቆይላት ለምና ተመለሱ።

*

ሙከራው ግቢው ውስጥ ተደረገ። ይታየው ብሎኬት ደርድሮ የገንዳውን ርዝመት፣ ወርድና የዳሩን ከፍታ የያዘ ባዶ ሣጥን ሠራ። በአንድ በኩል ለእጀታው አጣና ተከለ። አቶ ወልደ ሥላሴ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ መጡና ዙሪያውን ቃኙት።

“ይታየው፣ ይኼ እንኳ በግ አይዝም፤ ዘላ ትወጣለች።”

“እርስዎ እስካልዘለሉ ድረስ ይበቃል ጋሼ።”

በይታየው ትከሻ ተደግፈው ቀኙን እግራቸውን አሻገሩ። ግራው ተከትሎ መጣና ጫፉ ብሎኬቱን ነክቶ አለፈ። አጣናውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ እንደገና በክንዳቸው ራሳቸውን ስበው ተነሱ። ሰርካለም ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። በሦስተኛው፣ “አሁንስ መታጠቢያ ሳይሆን ማላቢያ ሆነ፤” ብለው አቆሙ።

ሰርካለም ልቧ ቀለል አለ። በዚያ ቀን ብሎኬቱ ውስጥ የገቡት አባቷ ብቻ መሆናቸውን፣ ከብሎኬቱ ውጪ ማንም ተንበርክኮ እንዳልሞከረ ግን ልብ አላለችም።

ልብ ያለችው ያን ዕለት ምሽት፣ ራት ሳይቀርብ ነው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንደ ወትሯቸው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርበው የባላቸውን እግር አጠቡ። ሰርካለም እንጀራ ልታወጣ ወደ ጓዳ ገብታ ስትመለስ እናቷ ገና እንደ ተንበረከኩ ናቸው፤ ግንባራቸው የባላቸው ጉልበት ላይ አርፏል። ከሩቅ ላያቸው፣ ጉልበት ስመው ይቅርታ የሚለምኑ ይመስላሉ።

“በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤” አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ምን እንዳጠፋሽ ባላውቅም።”

“አያስቁኝ፤ ስስቅ ይብሳል።”

“ያዢኝ። አይ፣ እዚህ ላይ፣ ክንዴን። በቀኜ ነው የምስብሽ።”

ሳቧቸው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከወገባቸው እንደ ታጠፉ ተነሱና በባላቸው ትከሻ ተደግፈው ቆዩ። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ቀና አሉ። ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ሳፋው አዩ። የለመዱት ነገር መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

ሰርካለም እንጀራውን አስቀመጠች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ምኑ?” አሉ እናቷ።

“እማዬ።”

“ከገና ወዲህ ነው፤” አሉ አባቷ።

“ዝም አይሉም እንዴ!” ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ወገቤ ነው። ቀና ካልኩ በኋላ ምንም አይለኝም። መንበርከኩም ቢሆን አያስቸግረኝም፣ መነሳቱ ነው እንጂ። አንቺ ዝቅ ያለውን ግዢ፤ እኔ እንደ ምንም እችላለሁ።”

“ሱቅ ውስጥ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርሽ ለደመላሽ ትነግሪዋለሽ፤ እሱ ደግሞ መኪናውን ይዞ ይመጣል።” ፎጣውን ለባላቸው አቀበሉ። “እኔ ባሌን ማጠብ አቃተኝ ብዬ ለልጄ ላውራ?”

አቶ ወልደ ሥላሴ ከሳፋው እግራቸውን አውጥተው በፎጣ ማድረቅ ጀመሩ፤ የግራው እግራቸው ጣቶች ጋ መድረስ ስላልቻሉ ቀኙን ብቻ አደረቁ። ግራውን ሚስታቸው ተቀበሏቸው፤ አሁን ግን አጠገባቸው ተቀምጠው፣ እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር።

*

ሰርካለም ያየችውን ለወንድሟ አልነገረችውም። ነገሩን ግን እንደ ናሙና ደጋግማ መረመረችው። ዳሩ ዝቅ ቢል አባቷ ይገባሉ፣ እናቷ ግን ተንበርክከው መነሳት አይችሉም። ዳሩ ከፍ ቢል እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያጥባሉ፣ አባቷ ግን አይገቡም። ይታየው አንድ ብሎኬት ጨመረ፤ የአባቷ ግራ እግር መታው። በግማሹ ቀነሰ፤ አባቷ በመከራ አለፉ፣ እናቷም በመከራ ደረሱ። ይታየው፣ “ለሁለቱም እኩል ክፉ ነው፤” አለና መዶሻውን አስቀመጠ።

የምሥራች ደወለችላት። “እህቴ፣ ያን ዝቅ ያለውን የሚፈልግ ሰው መጥቷል። ልልቀቀው?”

“እስከ ሰኞ ታገሺኝ።”

እሑድ የሥላሴ ማኅበር ነበር፤ ተረኛው ጎረቤታቸው አቶ ኃይለመስቀል ናቸው። አቶ ወልደ ሥላሴ ከወደቁ ወዲህ ማኅበር ሄደው ስለማያውቁ፣ ሰርካለምና ይታየው ግራና ቀኝ ደግፈው ወሰዷቸው። ቤቱ ዙሪያውን የድንጋይና የጭቃ መደብ አለው፤ ላዩ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። አቶ ወልደ ሥላሴ ብዙ እንዳይራመዱ እበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከሴቶቹ ጋር ከወዲያ በኩል ሆኑ። ሰርካለም ዳቦ ለማደል ቆመች።

ማኅበርተኛው እያንዳንዱ ሲገባ መደቡ ላይ ያሉት ሰዎች “ኖር!” እያሉ ጠጋ ይሉለታል። መጀመሪያ ቄሱ መጡ። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከዚያም አንድ አርፋጅ። በየጊዜው ከበሩ ወደ ውስጥ መጠጋጋት ሆነ። ሰርካለም ዳቦውን ይዛ እስከ መጨረሻው ረድፍ ከደረሰች በኋላ ለአባቷ ልትሰጥ ወደ በሩ ዞረች። አባቷ እዚያ የሉም። ሌላኛው ጫፍ፣ ከቄሱ አጠገብ፣ ወደ ማዕዘኑ ጥግ ቀርበው ተቀምጠው ጠላቸውን ይዘዋል።

“አባባ! ማን አመጣዎት እዚህ?”

“ማን ያመጣኛል? ሕዝቡ ገፋኝ።”

“ተነስተው መጡ?”

“ኧረ ምን ሊያነሣኝ? ጠጋ ስል፣ ጠጋ ስል ደረስኩ።”

ሰርካለም ዳቦውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። በዚያ መሐል አንድ ሰው ገባ፤ ሁሉም “ኖር!” አሉ። አሁን አባቷን ብቻ አየች። ሁለቱን መዳፎቻቸውን መደቡ ላይ ዘረጉ፤ ክንዳቸው ተወጠረ፤ ከመቀመጫቸው ጥቂት ከፍ ብለው ወደ ጎን ዐረፉ። ግራው እግር ምንም ሥራ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ተከተለ። ፊታቸው ላይ የሕመም ምልክት አልታየም። እንዲያውም ለቄሱ የጀመሩትን ወሬ አላቋረጡም።

“እሰይ!” አለች ሰርካለም፣ ካሰበችው በላይ ጮክ ብላ።

“ልጅቷ ምን ነካት?” አሉ ቄሱ።

“ምን አውቃለሁ አባ፣ ሰሞኑን እኔን ስትለካ ነው የከረመችው።”

*

ሰኞ ጠዋት ለየምሥራች ደወለች። “ዝቅ ያለውን ልቀቂው። አጭሩን፣ ውስጡ መቀመጫ ያለውን እፈልጋለሁ።”

“አላልኩሽም?”

“ብለሽኛል። ግን ያኔ የሚገቡበት መንገድ አልነበራቸውም።”

ለይታየው በብሎኬት ላይ በከሰል እየሣለች አስረዳችው። ወለሉ ፈርሶ ስለነበር ገንዳው አንድ ስንዝር ያህል መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከበሩ እስከ ገንዳው፣ ከዚያም በገንዳው ጎን፣ መደብ ይሠራል፤ ከፍታው የአባቷ ጉልበት ነው። የገንዳው ዳርና መደቡ እጅ ቢሄድባቸው ሳይሰናከል አንድ መሆን አለባቸው። አባቷ በሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጠጋ እያሉ ይደርሳሉ፣ ግራ እግራቸውን በእጃቸው አንስተው ያሻግራሉ፤ ከዚያ እጀታውን ይዘው ወደ ውስጠኛው መቀመጫ ዝቅ ይላሉ። እናቷ መደቡ ላይ፣ ከጀርባቸው ይቀመጣሉ፤ መታጠፍም መንበርከክም የለም።

“ባኞ ቤት ውስጥ መደብ!” አለ ይታየው። “ማኅበር ልትጠጡበት ነው?”

“ላዩን ሴራሚክ ታደርገዋለህ?”

“ሴራሚክማ እንደ በረዶ ነው፤” አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ከኋላቸው ቆመው ሲሰሙ ቆይተው። “ራቁት ሰው ይቀመጥበታል እንዴ? ሳንቃ ይሁን። በደንብ የተላገ፣ ስንጣሪ የሌለው የጥድ ሳንቃ።” መደቡ የሚሆንበትን ቦታ በእጃቸው አሳዩ። “ደግሞ እኔ የምቀመጥበት ጋ ሰፋ አድርገው።”

ሰርካለም እናቷን አየቻቸው። የገንዳው ነገር ከተጀመረ ወዲህ ለራሳቸው ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የሳንቃውን ወርድ እናቷን አስቀምጣ ለካች።

*

ደመላሽ የደረሰው ቀዳም ስዑር ከቀትር በኋላ ነው። አባቱ ተጋድመው እንዲሄዱ የመኪናውን የኋላ ወንበር ዘርግቶ ፍራሽ አንጥፎበታል። ገና ጫማው ላይ ያለው አቧራ ሳይራገፍ፣ “የታሉ?” አለ።

“ገብተዋል፤” አለች ሰርካለም። የባኞ ቤቱ በር ተዘግቷል። ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

“ከማን ጋር?”

“ከእማዬ ጋር ነዋ።”

“ብቻቸውን? ሰርኬ፣ ቢወድቁስ?”

“ቁጭ በል፤ አዳምጥ።”

ከውስጥ ሳንቃው ሲንሸራተቱበት የሚያሰማው ድምፅ መጣ፤ ቆመ፤ እንደገና መጣ። ሰርካለም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጠበቀች። የይታየውን ብሎኬት ሙከራ አሥር ጊዜ አይታለች፤ ራቁት ገላና እርጥብ ሳንቃ ግን አልተሞከረም፣ ሊሞከርም አይችልም ነበር። ከዚህ በር ወዲያ ያለውን ማየት አትችልም።

“እግሬን ልቀቂው፣ እኔ አነሣዋለሁ።”

“ያንሡት እንግዲያው። አይፍጠኑ! ማን እያባረረዎት ነው?”

ከዚያ ጸጥ አለ። ደመላሽ ብድግ አለ፤ ሰርካለም እጅጌውን ያዘችው። በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ሲገፋ ተሰማ፤ ተከትሎ አቶ ወልደ ሥላሴ ረጅም፣ ከሆድ የወጣ ትንፋሽ ተነፈሱ።

“አመመዎት?” አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

“ኧረ ዝም በይ። ሴትዮ፣ ዝም በይ እስኪ።”

ደመላሽ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከውስጥ ጨርቅ ጀርባ ሲያሽ ይሰማል። አባቱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ እያሉ ያዛሉ፤ እናቱ ያለ ችኮላ ይመልሳሉ። በመሐሉም ከጎረቤት የጠፋች አንዲት በግ ጉዳይ ተነሥቶ ተከራከሩበት። ሰርካለም የእናቷን ድምፅ ለየችው፤ የሚያቃስት ሰው ድምፅ አልነበረም፣ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ነው።

“በየስንት ቀኑ ነው?” አለ ደመላሽ በሹክሹክታ።

“ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ ብሏል።”

ደመላሽ ጣቶቹን አየ። “ፍራሹን ምን ላድርገው?” አለ።

“አስገባው፤ ዛሬ የምትተኛበት አንተ ነህ።”

ሳንቃው እንደገና ድምፅ አሰማ፤ አሁን ወደ በሩ አቅጣጫ ነው። በሩ የእጅ ያህል ተከፈተና የወይዘሮ ጥሩሸዋ እርጥብ ክንድ ወጣ። ሰርካለም ያሞቀችውን ጋቢ ሰጠቻቸው። በሩ ተዘጋ። ሁለቱ ልጆች አባታቸውን ሊደግፉ ተነሥተው ቆሙ። በሩ ግን አልተከፈተም። በውስጥ ክርክር ተጀመረ።

“ይለቀቃል እንጂ ምን ይደረጋል?” አሉ እናታቸው።

“ይኼ ሁሉ ውሃ? ገና ትኩስ ነው እኮ። የወገብ መድኃኒት አይደለም እንዴ?”

“ሰው ይሰማናል!”

“ይስማ። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ ጀርባሽን አሽልሻለሁ፤ መደቡ ሰፊ ነው።”

በሩ እንደገና የእጅ ያህል ተከፈተ።

“ሰርኬ፣” አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ፊታቸውን ሳያሳዩ፣ “የኔንም ጋቢ አምጪልኝ። ደመላሽ መጥቷል?”

“አዎ፣ መጥቻለሁ እማዬ።”

“እንኳን ደህና መጣህ። እንግዲህ ከበሩ ዞር በልና ትንሽ ውሃ ጨምረህ አሙቅልን።”

ደመላሽ ማሰሮ ይዞ ወደ ማዕድ ቤት ሄደ።